«እምቢ» የሚል ቁልፍ

ገጹ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ከፍታ፣ የስፌት መኪናዋን ሽፋን ገልጣ፣ የዕለቱን ትእዛዝ ለማየት ስልኳን ስትነካው አንድ ነጭ ገጽ ድቅን አለባት። ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ትልቅና ሰማያዊ፣ «እስማማለሁ» የሚል። ሌላው ትንሽና ግራጫ፣ «በኋላ አስታውሰኝ» የሚል። መነጽሯን አደረገችና ገጹን ወደ ላይም ወደ ታችም እየገፋች ሦስተኛ ቁልፍ ፈለገች።

«እምቢ የሚለውስ?» አለች ጮክ ብላ።

ሱቁ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ግራጫውን ተጫነችና ወደ ሥራዋ ገባች።

ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሜትሯ ከአንገቷ ስለማይወርድ፣ ገበያም ሐኪም ቤትም ረስታው ስለምትሄድ፣ ደንበኞቿ «እትዬ ሜትር» ይሏታል። የምትሰፋው ሌላው ሰፊ እምብዛም የማይነካውን ነው፤ በካንሰር ምክንያት ጡታቸው በቀዶ ጥገና የወጣ ሴቶች የሚለብሱትን የውስጥ ልብስ።

የጀመረችው በታላቅ እህቷ ምክንያት ነው። እህቷ ከሆስፒታል ስትወጣ ከሱቅ የተገዛው ጡት መያዣ ጠባሳዋን እየፈተገ ያደማት ነበር። ባዶውን ጎን ካልሲ ጠቅልላ ትሞላዋለች። ልብስ ሰፊዋ ያንን አየች። ስፌቱን ፈታ እንደገና ሰፋችው። ላስቲኩን ከጠባሳው አራቀች፤ በካልሲው ፋንታ ስፖንጅ የሚገባበትን ኪስ ከውስጥ አበጀችለትና ወደ ብብት በኩል አዘነበለችው። ሰባት ጊዜ ሠርታ ሰባት ጊዜ አፈረሰች። በስምንተኛው እህቷ ለብሳው ግማሽ ቀን ከዋለች በኋላ «ውይ፣ መልበሴንም ረስቼዋለሁ» አለች። እህቷ ከሦስት ዓመት በኋላ አረፈች፤ የልብስ ሰፊዋ መለኪያ ግን ይኸው ሆኖ ቀረ፤ የለበሰችው ሴት መልበሷን እስክትረሳው ድረስ።

ደንበኞቿ የሚመጡት በስልክ መተግበሪያ በኩል ነው። ድሮ እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ካስቀየመሽ ወደ ሌላው ትሄጃለሽ። ከዚያ ትልቁ መካከለኛውን ገዛው። ትንሹም ደንበኛ ሲሸሸው ራሱ በሩን ዘጋ። የቀረው አንድ ነው፤ የንግድ ስሙ ረጅም ስለሆነ ሰው «ሰፊው» እያለ ይጠራዋል፣ ማስታወቂያው ሁሉ «ሰፊው ገበያ፣ ሰፊው ምርጫ» ብሎ ስለሚጀምር።

«ሰፊው እሱ፣ ሰፊዋ እኔ» ትል ነበር ስትቀልድ። «መርፌ ይዞ ባያውቅም።»

በአምስት ዓመት ውስጥ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶችን ልክ እዚያ አስገብታለች። የቀኝ ደረት፣ የግራ ደረት፣ የጠባሳው ርዝመትና አቅጣጫ፣ ከፊትና ከጎን የተነሳ ፎቶ፤ ፊት የማይታይበት፣ ከአንገት በታች። መተግበሪያው ፎቶ የሌለውን ትእዛዝ አይቀበልም።

ረቡዕ ከሰዓት ልጇ መጣች። ልጅቷ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የምትሠራው ራሱ ሰፊው ዘንድ ነው፣ የደንበኞችን ስልክ ከሚመልሱት አንዷ ሆና። እናቷን ያስመዘገበቻትም እሷ ናት።

«እማዬ፣ ይሄን ገጽ እስካሁን አልተጫንሽውም?»

«አላነበብኩትማ።»

«ማን ያነበዋል! አርባ አንድ ገጽ እኮ ነው። እኛ መሥሪያ ቤት ራሱ ያነበበ ሰው አላውቅም። ተጫኚውና ሥራሽን ሥሪ።»

«ግልጽ ነገር አርባ አንድ ገጽ አይፈጅም። በይ እስቲ አንብቢልኝ፣ እኔ ይሄን ጠርዝ ልጨርስ።»

ልጅቷ እያዛጋች አነበበች። መኪናው ይንቀጫቀጫል። ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ እንዲህ የሚል መጣ፦ «አቅራቢው የደንበኞቹን አካላዊ ልኬቶችና ምስሎች ኩባንያው አዳዲስ ምርቶችን ለማልማትና ለእህት ኩባንያዎቹ ለማጋራት እንዲጠቀምባቸው ደንበኞቹን ወክሎ ይስማማል።»

መኪናው ቆመ።

«ደንበኞቹን ምን አድርጎ?»

«ወክሎ።»

«እኔ ማንን ነው የምወክለው? እነሱ ልብስ ስፊልን አሉኝ እንጂ ወክይን አሉኝ?» ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አወለቀች። «እህት ኩባንያ የሚለውስ ማነው?»

ልጅቷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «ፋብሪካ ከፍተዋል» አለች። «ከዓመት በፊት። የውስጥ ልብስ።»

«የእኔን ዓይነት?»

«የአንቺን ዓይነት።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መምህሯ መጣች። ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አራት ዓመት የልብስ ሰፊዋ ደንበኛ ሆናለች። የግራ ጡቷ የወጣው ባሏ በሕይወት ሳለ፣ ከልጆቿ ርቀው ሌላ ከተማ ሲኖሩ ነው። ለልጆቿ «የሐሞት ጠጠር ነው» ብላ አለፈችው። ባሏ ሲሞት ከወንድ ልጇና ከሚስቱ ጋር ልትኖር መጣች፤ እነሱም የሚያውቁት የሐሞት ጠጠሩን ነው። ሁልጊዜ ስትመጣ ወንበር ትስባለች፣ ሻይ ይታዘዝላታል፣ ስለ ተማሪዎቿ ታወራለች። ዛሬ ቆማ ቀረች።

«ለማን ነው የነገርሽው?»

«ምኑን እትዬ?»

መምህሯ ከቦርሳዋ አንድ የታተመ ወረቀት አወጣች። ቤቱ ውስጥ ሁሉም በሚነካካው ታብሌት ላይ የመጣ ማስታወቂያ ነው። ምሳ ላይ ምራቷ አይታው፣ የተሳሳተ መስሏት እየሳቀች፣ ለሁሉም ጮክ ብላ አነበበችው። የመምህሯን ሙሉ ስም ይጠራና «በግራ በኩል ቀዶ ጥገና ላደረጉት ለእርስዎ፣ በልክዎ የተዘጋጀ» ይላል። ሳቁን ያቆመችው የአማቷን ፊት ስታይ ነው።

«ልጄ ሹካውን አስቀምጦ 'እማዬ፣ ምን ማለት ነው?' አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሰማ ያልፈለግሁትን በማስታወቂያ ሰማው። ድርጅቱ ጋ ብደውል 'ሰፊዎ ናት የተስማማችው፣ ቅሬታዎን ለእሷ ያቅርቡ' ተባልኩ። አንቺን አምኜ አልነበር እንዴ ራቁቴን የቆምኩልሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ተቀበለች። ሥዕሉ ላይ ያለው ጡት መያዣ ከውስጥ ኪስ አለው። ኪሱ ወደ ብብት ያዘነበለ ነው። የራሷን እጅ ሥራ የማያውቅ ሰፊ የለም።

ገጹን ገና አልተጫነችውም። ታዲያ ይሄ ሁሉ እንዴት ወጣ? ያኔ ትዝ አላት። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ልጇ አጠገቧ ቁጭ ብላ ስታስመዘግባት፣ አንድ ሌላ ገጽ ነበር። አጭር የነበረ መሰላት። በዚያን ቀን የምታስበው ስለምትቆርጠው ጨርቅ ነበር።

እኔ አልተናገርኩም ልትል ነበር፤ ተወችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከአምስት ዓመት በፊት ሳላነብ እስማማለሁ ብዬ ተጫንኩ። በእርስዎ ገላ ላይ የተስማማሁት እኔ ነኝ።»

መምህሯ ሦስቱንም የውስጥ ልብስ፣ ልብስ ሰፊዋ በእጇ የሰፋችውን፣ በፌስታል እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን አንዲት ስፌት አልሰፋችም። ሰኞ ስትመጣ ግን ሌላ ሰው ሆና መጣች። እፍረቱ አድሮ እልህ ሆኗል። ሱቋ የመጣችውን ደንበኛ ሁሉ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ «እንዲህና እንዲህ አድርጌሻለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከዛሬ ወዲያ ግን የአንቺ ልክ ከዚህ ደብተር አይወጣም» ትላታለች። አንዳንዷ ተቆጥታ ሄደች። አንዳንዷ አለቀሰች። አንዷ ደግሞ «እኔ ማስታወቂያው ሲመጣብኝ ስልኬ ሐሳቤን ያነባል ብዬ ስልኬን ሸጥኩት እኮ!» ብላ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

በአሥረኛው ቀን ግራጫው ቁልፍ ከገጹ ጠፋ። ሰማያዊው ብቻ ቀረ። እሱን ካልተጫነች ትእዛዝ የለም፣ የደንበኛ ስልክ የለም፣ የአምስት ዓመት ልክ የለም። አልተጫነችም። በማግስቱ ከሆስፒታል ሴቶችን ወደ እሷ የምትልክላት ነርስ ደውላ «እትዬ ሜትር፣ ስምሽ ከመተግበሪያው ዝርዝር ጠፍቷል እኮ፣ ሞተሽ መስሎኝ ደነገጥኩ» አለቻት።

«አለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እንዲያውም አሁን ገና ነቃሁ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰፊው የአካባቢ ሥራ አስኪያጅ ራሱ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ያንጸባርቃል፤ ሽቶው ቀድሞት ገባ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቁ ነበር።

«እናቴ፣ እርስዎ እኮ ከምርጦቻችን አንዷ ነዎት» አለ። «በከተማው ዝርዝር ውስጥ አንደኛ ላደርግዎት ነው የመጣሁት። ከላይ፣ በወርቃማ ምልክት። አንዲት ቁልፍ መንካት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ።»

«እምቢ የሚለውን ቁልፍ አምጣልኝና እነካዋለሁ።»

ሳቀ። «እምቢማ ማንም አይፈልግም። ሌሎቹ ሰፊዎች ሁሉ ተስማምተዋል።»

«ሌላ የሚሄዱበት ስለሌላቸው ነው። መሄጃ የሌለው ሰው ተስማማ አይባልም፣ ተያዘ ነው የሚባለው።» ልብስ ሰፊዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ልጄ፣ ኮትህን ማን ነው የሰፋው? የግራ እጅጌው ረዝሟል።»

እጁን አየ። «እውነትም! ይታያል እንዴ?»

«ለእኔ ይታያል። ላስተካክልልህ?»

«ደስ ይለኛል» አለና ክንዱን ዘረጋላት።

ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። እጅጌውን ለካች። ከዚያ እጇ ሳያርፍ ሜትሩን በወገቡ አዞረችና ወደ ሴቶቹ ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ወገብ፣ መቶ አራት! ሱሪው ላይ የተጻፈው ግን ዘጠና ስድስት ነው፤ እስትንፋሱን ይዞ ነው የሚውለው ማለት ነው!»

«ኧረ ቀስ ይበሉ—»

«ቦርጭ፣ ከቀበቶ በላይ አራት ጣት! የቀኝ ትከሻ ከግራው ዝቅ ያለ፣ ውስጡ ስፖንጅ ተጨምሮለታል! ጻፊልኝ አንቺ፣ ጻፊልኝ!»

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ምን ማለት ነው ይሄ? ሰው እየሰማ! እኔ እጅጌዬን ነው እንጂ ይሄን ሁሉ አልፈቀድኩም!»

«እጅህን ዘርግተህ የለ? ተስማማህ ማለት ነዋ። እኔ ደግሞ ይሄን ለአገልግሎት ማሻሻያ ነው የምጠቀምበት። ለእህት ሱቆቼም አጋራዋለሁ።» ሜትሩን መልሳ አንገቷ ላይ ጣለች። ድምፅዋ ዝግ አለ። «ከነልብስህ ነው የለካሁህ፣ የሰሙትም ሁለት ሰዎች ናቸው። እንዲያም ሆኖ ውሃ ውሃ አለህ። እነሱን ያለ ልብስ ነው የለካኋቸው። ለስንት ሰው ነው የሸጥካቸው?»

ሥራ አስኪያጁ ኮቱን ሰብስቦ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ «ይቆጭዎታል» አለ።

«ያልቆጨኝ ጊዜ ነው የሚቆጨኝ» አለችው።

ሁለቱ ሴቶች እስኪወጡ ድረስ ሳቁ። እሷ ግን ሲሄዱ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

በዚያው ወር ሰፊው የሆስፒታሎችን የቀጠሮ መዝገብ የሚያስተዳድረውን ድርጅት ሊገዛ መሆኑ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ የሰማችው ጨርቅ ሻጩ ጋ፣ ሬዲዮ ላይ ነው፦ ግዢው ገበያውን ይጎዳል የሚል ማንኛውም ሰው ለገበያ ውድድር ጉዳይ መሥሪያ ቤት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተቃውሞውን ያቅርብ። ያስለካችውን ጨርቅ ሳታስቆርጥ ጥላው ወጣች። ሴቶቹ ገና ሐኪሙ በር ላይ ሳሉ ሰፊው ሊያውቃቸው ነው ማለት ነው!

መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ኮሪደሩ ፋይል ብቻ ነው። የተቀበለቻት መርማሪ ወጣት ሴት ናት፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማቻት፣ ማስታወቂያውን ግራና ቀኝ አየችው።

«ሃያ ስድስት ሰፊዎች አነጋግረናል» አለች። «ሁሉም በስልክ ይነግሩናል። ችሎት ቀርቦ የሚናገር ግን አላገኘንም። ከዝርዝሩ እንወጣለን ብለው ይፈራሉ።»

«እኔ ወጥቻለሁ። ከዚህ ወዲያ ከምን ያወጡኛል?»

ፈተናው ግን ቤቷ ነበር። ለልጇ ስትነግራት ልጅቷ ብድግ አለች።

«እማዬ፣ ሥራዬን ልታሳጪኝ ነው! የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቁም መሰለሽ?»

«ያውቁ።»

«አንቺ ምን አለብሽ፣ ዕድሜ ልክሽን የራስሽ አለቃ ነሽ! እኔ ይሄን ሥራ ለማግኘት ሁለት ዓመት ነው የተንከራተትኩት።»

እናትየዋ አልጮኸችም። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «መምህሯ ደውላ 'ቅሬታዎን ለሰፊዎ ያቅርቡ' ተብላለች። እንዲህ በሉ የሚል ትእዛዝ አለ?»

«የተጻፈ ነው። ፊት ለፊታችን ተለጥፏል። ከእሱ ውጪ ከተናገርን ይቀጡናል።»

«በቀን ስንት ሴት ትደውላለች?»

«አሥር። አሥራ አምስት።» ልጅቷ ዓይኗን ሰበረች።

«መምህሯን ማን መለሰላት?»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ልጄ?»

«ድምፅዋን አላወቅኩትም ነበር» አለች ልጅቷ። «ስሟን ሳየው ግን... ስሟን ሳየው አወቅኩ። ጽሑፉን አነበብኩላት። 'አመሰግናለሁ ልጄ' ብላ ዘጋችው።» ከዚያ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እናቷ አልነቀፈቻትም፣ አይዞሽም አላለቻትም። እሷም የራሷን ጥፋት ተሸክማ ነበር፤ አጠገቧ ተቀመጠች።

ችሎቱ የዋለው ሐሙስ ነው። ሰፊ አዳራሽ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ዳኞች፣ በየፊታቸው ማይክሮፎን። በሰፊው በኩል ሰባት ሰዎች ከነላፕቶፓቸው ተደርድረዋል። በዚህ በኩል መርማሪዋና ልብስ ሰፊዋ ብቻ። ሊጀመር ሲል በሩ ተከፈተና ልጇ ገባች። የመሥሪያ ቤቷን ባጅ አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ በአለቆቿ ፊት አልፋ፣ እናቷ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«እብድ» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

«ማንን መስዬ?» አለች ልጅቷ።

የድርጅቱ ጠበቃ ድምፁ ለስላሳ ነው። «እመቤቴ፣ ከአምስት ዓመት በፊት እስማማለሁ የሚለውን ተጭነዋል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ማንም አላስገደደዎትም።»

«ያኔ አላስገደደኝም። አላነበብኩም፤ ጥፋቴ ነው። የበደልኳቸውን እየዞርኩ ነግሬያለሁ፣ ያገኘኋቸውን። ያላገኘኋቸውን ስልካቸውን ይዛችሁብኛል።»

«እንግዲህ የተስማሙት እርስዎ ከሆኑ—»

«የእኔን ስም፣ የእኔን አድራሻ፣ የእኔን ሱቅ ብትሸጡ ኖሮ ተስማምቼ ነበር ባልኳችሁ። እናንተ የወሰዳችሁት የሌላ ሰው ገላ ነው። በእሱ ላይ እኔም መብት የለኝም፤ የሌለኝን ነገር ከእኔ እንዴት ተቀበላችሁ?» ወደ ዳኞቹ ዞረች። «ጌቶቼ፣ ድሮ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ፎቶ ካላስገባሽ ቢለኝ ወደ ሌላው እሄድ ነበር። ስለዚህ አይለኝም ነበር። አሁን አንድ ነው። አንድ ሲሆን ደፈረ። የሆስፒታሉንም መዝገብ ከገዛ ሴትየዋ ገና ሳትታመም ነው ልኳን የሚያውቀው።»

ጠበቃው ፈገግ አለ። «ስሜታዊ ንግግር ነው። ነገር ግን ተጎዳሁ የሚል ደንበኛ እዚህ የለም። አንድም።»

«አለች» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

መምህሯ ናት። መጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አጠገቧ ልጇና ምራቷ አሉ። ልብስ ሰፊዋ መምጣቷን አላወቀችም። መምህሯ ልጇ ሊደግፋት ሲነሳ በእጇ አስቀመጠችው፣ ብቻዋን በመተላለፊያው ወርዳ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። አርባ ዓመት ክፍል ጸጥ ያሰኘ ድምፅ ነበራት።

«የግራ ጡቴ የለም» አለች። «ይሄን ስድስት ዓመት ደብቄአለሁ። ለምን እንደደበቅኩ ለማንም መናገር የለብኝም፤ የእኔ ነገር ነው። ዛሬ የምናገረው ግን መናገር ስለፈለግሁ ነው። ልዩነቱ ይገባዎታል ጠበቃ? ያኔ ድርጅትዎ ተናገረብኝ። ዛሬ እኔ ተናገርኩ። ቃሉ አንድ ነው። ያኛው ግን ስርቆት ነው።»

ከዳኞቹ አንዱ ብዕሩን አስቀመጠ። ጠበቃው ወረቀቱን አገላበጠና «ጥያቄ የለኝም» አለ።

መምህሯ ስትመለስ በልብስ ሰፊዋ አጠገብ አለፈች። አልቆመችም። «ይቅር አላልኩሽም» አለቻት ዝግ ብላ። «ግን አልዋሸሽኝም።» ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚህ በላይ አልጠበቀችም።

ልጅቷ በማግስቱ ከሥራ ተባረረች፤ ምክንያቱ «የሥራ ሰዓት አለማክበር» ተባለ። ፊት ለፊቷ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ስለነበር ለመርማሪዋ ሰጠቻት። ያ ወረቀት ከጠበቆቹ ሁሉ በላይ ሠራ ይላሉ የሚያውቁ።

ውሳኔው የመጣው ከሰባት ወር በኋላ ነው። ሰፊው የቀጠሮ መዝገቡን እንዳይገዛ ተከለከለ። ፋብሪካውን ከመተግበሪያው እንዲለይ፣ ሰፊዎች የደንበኞቻቸውን መዝገብ ይዘው መውጣት እንዲችሉ፣ እያንዳንዷ ሴት በራሷ ስልክ እንድትጠየቅ፣ እምቢ ማለትም እንደ መስማማት እኩል ትልቅ ቁልፍ እንዲኖረው ታዘዘ። ያለ ፈቃድ የተወሰዱት ምስሎችም በሙሉ ይሰረዙ ተባለ። ሰፊው ይግባኝ ጠየቀ፤ ግማሹ አሁንም ክርክር ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከደንበኞቿ ሢሶውን አጥታ አልተመለሱላትም። ሰፊውን የለቀቁ ስድስት ሰፊዎች ግን ከእሷ ጋር ሆነው አንድ የጋራ ስልክ አወጡ፤ ነርሷ ፈቃዷን ለሰጠች ታካሚ ቁጥሩን በወረቀት ትጽፍላታለች። ስልኩን የምትመልሰው ልጇ ናት፤ ፊት ለፊቷ የተለጠፈ ምንም ጽሑፍ የለም። መምህሯ ሌላ ሰፊ ጋ ትሄዳለች፤ ከስድስቱ አንዷ ጋ።

ምስሎቹን በተመለከተ ከሰፊው አንድ መስመር ደብዳቤ መጣ፦ «በትእዛዙ መሠረት ተሰርዘዋል።»

ልብስ ሰፊዋ አንብባው ለልጇ ሰጠቻት። «ጻፊልኝ» አለች። «የትኛው ቀን ተሰረዘ? ማን ሰረዘው? ማን ቆሞ አየ? ፋብሪካው ጋ የተላከውስ?»

መልስ አልመጣም። በሚቀጥለው ማክሰኞ እንደገና አጻፈች፣ ግልባጩን ለመርማሪዋ ላከች። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ፖስታ ቤት ያለው ሰው አሁን ከሩቅ ሲያያት ማኅተሙን አንስቶ ይጠብቃታል። «እማዬ፣ እኒህ ሰዎች መቼም አይመልሱልሽም» ትላታለች ልጇ አንዳንዴ፣ ጣቷ ፊደሎቹ ላይ እንዳለ።

«ላይመልሱ ይችላሉ» ትላለች ልብስ ሰፊዋ። «በይ ጻፊ። ቁጥር አሥራ አምስት።»